የሚቀምስ መዳፍ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከተሰጡኝ ሥራዎች ሁሉ እንደ እንግዳ ተቀምጦ የመብላትን ያህል የተስማማኝ የለም። ጎንደር ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የመስተንግዶ ትምህርት ክፍል አለ፤ ሠልጣኞቹም የሚለማመዱበት፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጥቂት ጠረጴዛዎች ያሉት አነስተኛ አዳራሽ አላቸው። የክፍሉ አሠልጣኝ ቀድሞ ያስተማርኳት ሴት ናት። አንድ ጠዋት ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲስተናገዱ ይሳሳቃሉ፤ ሥራው ጨዋታ ሆነብኝ። ፊቱ የሚያስፈራ ሰው ያስፈልገኛል።»

«የኔ ፊት ያስፈራል?»

«ተማሪ ሳለሁ ያስፈራኝ ነበር። መጥተው ምሳ ይብሉልን፤ ሌላ ምንም ሥራ የለበትም።»

በዚህ ዓይነት በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እየሄድኩ መስተናገድ ጀመርኩ። ሌላ ሥራ የለበትም የተባለው ግን ብዙ አልቆየም።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መምህራንን በማስተማር ነው። ከዚያም ውስጥ ብዙው ዘመን ያለቀው አንድ ነገር በማስረዳት ነው፤ ይኸውም ሙያ የሚማር ሰው በሦስት ወገን መታየት እንዳለበት ነው። የሚያውቀው አለ፤ በእጁ የሚሠራው አለ፤ ሥራውን የሚይዝበት ልብ አለ። በሰነዶቻችን ዕውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት እንላቸዋለን። ብቃት ማለት ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ሥራ ላይ፣ በተፈለጉ ጊዜ ሁሉ አብረው መገኘታቸው ነው። ሠልጣኙ ስንት ወር ተማረ ተብሎ አይጠየቅም፤ ምን መሥራት ቻለ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ይህን በሰሌዳ ላይ ሦስት ክብ እየሣልኩ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ክቦቹ ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ በመልካም ይገናኙ ነበር። በሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ከቅርብ ያየሁት ግን ጥቂት ነው፤ ካየሁትም ውስጥ በደንብ አስታውሰዋለሁ ብዬ የምደፍረው የአንድ ሰው ነገር ነው። እርሱንም በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ። የነገሩ ቅደም ተከተል እየተምታታብኝ አሠልጣኟን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፤ በአንዳንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሰውየው ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ፣ ከትክል ድንጋይ አካባቢ የመጣ ገበሬ ነበር። አሥረኛ ክፍልን በወጣትነቱ ስለጨረሰ ለመግባት አልተቸገረም። በአገሩ ሰርግ ወይም ማኅበር ሲኖር መጠጥ የሚያዞረው፣ ወንበር የሚያደላድለው፣ የተጣላ እንግዳ ከተጣላው አርቆ የሚያስቀምጠው እርሱ ነበር። የአባቱ መሬት በወንድማማቾች ሲከፋፈል የደረሰው ድርሻ ልጆቹን የሚያበላ አልሆነም። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ በሰርግ ላይ ሲያስተናግድ አይቶት ወደደው፤ «የሙያ ብቃት ማረጋገጫህን ይዘህ ከመጣህ ለጥምቀት ሥራ ትጀምራለህ፤ ያለ እርሱ ግን አልቀጥርህም» አለው። ሰውየው ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሥልጠናውን ጀመረ። ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ቀሩ። ማረጋገጫውን ካገኘ ጠቅልለው ሊመጡ፣ ካላገኘ እርሱ ተመልሶ የሰው መሬት በእኩል ሊያርስ ተነጋግረው ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝም እንደ አየር ጠባይ ያለ ነገር የሚያወራ እንጂ የሚያማርር አይመስልም ነበር።

ያስተናገደኝ የመጀመሪያው ቀን ጥቅምት ውስጥ ይመስለኛል፤ አሠልጣኟ መስከረም ሳይወጣ ነው ትላለች። ከአዳራሹ ጥግ ተነሥቶ ሲመጣ አካሄዱን አየሁ። ወጣቶቹ ትሪ ሲይዙ ዓይናቸው ትሪው ላይ ነው፤ የእርሱ ዓይን እኔ ላይ ነበር፤ ትሪው ግን አልተነቃነቀም። ወንበሬን ሳበልኝ፤ መነጽሬን ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ አይቶ የምግብ ዝርዝሩን በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን አመጣልኝ። ከዚያ የውኃውን ጆግ አነሣና ብርጭቆዬ ላይ ከማዘንበሉ በፊት በግራ መዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ቀጥሎ ብርጭቆዬን ሞላና ዝቅ ብሎ አቀረበልኝ።

ከኋላ ያሉት ሠልጣኞች በሳቅ ፈነዱ።

«አሁንም!» አለች አሠልጣኟ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ቀመስክ እኮ!»

«ቀመስኩ?» አለና መዳፉን ገልብጦ አየው፤ እርጥብ ነበር። «ማርያምን አላወቅሁም።»

ልማዱን ለማያውቅ አንባቢ ልግለጸው። በደጋው አገራችን በድግስ ላይ መጠጥ የሚያዞረው ሰው አሳላፊ ይባላል። አሳላፊው ለተከበረ እንግዳ ሲቀዳ አስቀድሞ ጥቂቱን በመዳፉ ይቀምሳል። መጠጡ ንጹሕ መሆኑን፣ ምንም ያልተጨመረበት መሆኑን፣ ጉዳት ቢኖርበት እንኳ መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን መሆኑን ያለ ቃል መናገሩ ነው። ከተማው ልማዱን ረስቶታል፤ በገጠርም ቢሆን ዛሬ የሚጠብቀው ጥቂት ሰው ነው። ዳባት አካባቢ በነበረው በአባቴ ቤት አንድ ጠይም ረጅም ሰው እንዲህ ሲቀምስ ያየሁ ይመስለኛል። ያየሁት እኔ ልሁን፣ ወይስ እናቴ ስታወራ ሰምቼ በሐሳቤ የሣልኩት፣ አሁን መለየት አልችልም። በዚያ ምሳ ላይ ግን ደስ አለኝ። ከተከበርኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ እንዲህ ባለ አኳኋን ከተከበርኩ ግን ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። በዚያችው ደቂቃ ማረጋገጫውን የሚሰጥ መዛኝ ብሆን ኖሮ ያለ ጥያቄ «ብቁ» ብዬ እፈርምለት ነበር።

የመዛኞቹ መስፈርት ግን ስለ ደስታዬ የሚለው ነገር አልነበረም። እንግዳ የሚጠጣውን በእጅ መንካት ከከባድ ስህተቶች አንዱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ይህ አንዱ ብቻውን ይጥላል። ሰውየው ይህን አላጣውም። አሠልጣኟ እኔው ፊት ጠየቀችው።

«መጠጥ ስታቀርብ እጅህ የማይነካው ምንድን ነው?»

«የብርጭቆውን አፍ፣ የጆጉን አፍ፣ መጠጡን።»

«ለምን?»

«በሽታ በእጅ ይተላለፋል። እኔ ጤነኛ ብመስልም ላልሆን እችላለሁ።»

«ትቀምሳለህስ?»

«አስተናጋጅ እንግዳው ከሚጠጣው አይቀምስም።»

«እሺ፣ ለጋሼ ቅዳላቸው።»

ጆጉን አነሣ፤ ቀመሰ፤ ቀዳ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እርሱም ሳቀ። ከሠልጣኞቹ መካከል አንድ ተረበኛ ወጣት ነበር፤ «አያ ቀማሽ» የሚለውን ስም ያወጣለት እርሱ ነው። ሌላ ቀን ይኸው ወጣት እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሲስተናገድ ሰውየው አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ብርጭቆውን ሞላለት። ወጣቱ አኮረፈ።

«አያ፣ ለጋሼ ሲሆን ይቀምሳሉ፤ ለኔ ሲሆን ምነው ዝም? እኔን መርዝ ቢገድለኝ ግድ የለዎትም?»

«አንተንማ ማን መርዝ ያባክንብሃል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ አሠልጣኟ ግን አልሳቀችም፤ እያየችው አሰበች። እጁ የሚሳሳተው ለሁሉም ሰው አለመሆኑን ያን ጊዜ አስተዋለች። እንግዳው ወጣት ሲሆን ሥራውን በመስፈርቱ መሠረት ይሠራል። ሽማግሌ፣ ካህን፣ ወይም በዕድሜ የገፋች ሴት ስትሆን መዳፉ ይቀድመዋል። መዛኞች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሥራው የሸበቱ ሰዎች ናቸው።

እንደ ልማዴ ምክር ሰጠሁ። ባዶ ጆግ ይዞ እጁ እስኪለምድ ደጋግሞ ይቅዳ አልኩ። በጽሑፍ ደረጃ ትክክለኛ ምክር ነበር። ባዶ ጆግ ሲይዝ ግን መዳፉ ምንም የሚቀምሰው ስለሌለ ከጅምሩ አልተዘረጋም፤ ውኃው ሲሞላ ተዘረጋ። አሠልጣኟ በትሕትና ምክሬን ተወችውና ነጭ ፎጣ አጥፋ በግራ ክንዱ ላይ አስያዘችው፤ እጁ ሥራ ካገኘ አይቅበዘበዝም ብላ ነው። ይህ ጥቂት ቀን ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ፎጣውን ወደ ትከሻው ወርውሮ ቀመሰ።

የዓርቡን ነገር መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ምናልባት ያው ተረበኛ ወጣት ነው። ሰውየው ረቡዕና ዓርብ አይሳሳትም ነበር። ጾም አጥባቂ ስለነበረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም፤ መዳፉም ይህን ያውቅ ነበር። ከፊቱ ጳጳስ ቢቀመጡ እንኳ ዓርብ ጠዋት እጁ ንቅንቅ አይልም። ይህ ከታወቀ ወዲህ ሠልጣኞቹ ሁሉ የምዘናው ቀን ዓርብ እንዲውል ይመኙለት ጀመር። የምዘናው ማስታወቂያ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሲለጠፍም ዓርብ ሆኖ ተገኘ።

«አያ፣ ታቦቱ ሰማዎት!» አለ ወጣቱ እየሮጠ መጥቶ።

አሠልጣኟ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዘወር አለች። «ጋሼ፣ ምን ይላሉ?»

«ረቡዕና ዓርብ ብቻ የሚገኝ ብቃት ብቃት አይደለም» አልኩ። «ሆቴሉ ሐሙስም ይከፈታል።»

«አውቃለሁ። ይለፍና በኋላ አስተካክለዋለሁ።»

«እኔ መዛኝ አይደለሁም» አልኳትና ዝም አልኩ። ጥንቃቄ ይሁን ፍርሃት፣ በዚህ ዕድሜ ሁለቱን ለመለየት አልደክምም። ዝምታዬ ግን ምንም ለውጥ አላመጣም፤ ከመዛኞቹ አንዷ ዓርብ ስለማይመቻት ምዘናው ወደ ሐሙስ ተዛወረ።

በቦታው አልነበርኩም፤ የምጽፈው ከአሠልጣኟ የሰማሁትን ነው። መዛኟ በጎንደር በንግድ ከቆየ አንድ የሙስሊም ቤተሰብ የተወለደች፣ ራሷም ሆቴል የምታስተዳድር፣ እርጅና ያማረባት ሴት ነበረች። ሰውየው ወንበሯን ሳበ፤ ሰላምታውን አሳመረ፤ ትእዛዟን ሳያስደግማት ያዘ። ውኃውን ሊቀዳ ሲል ግን ቀመሰ። ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ መዳፉን ስታየው ቆየች።

«ልጄ፣ ይህን ያስተማረህ ማነው?»

«አባቴ፣ እመቤት።»

«አባትህን አላህ ይማርልህ። ሰርግ ኖሮኝ ቤቴ መጥተህ ቢሆን መርቄ እሸኝህ ነበር። እዚህ ግን የምትቆመው ከማያውቅህ መንገደኛ ፊት ነው፤ የሚያየው የእጅህን ንጽሕና ነው እንጂ የአባትህን አስተዳደግ አያውቅም።» ይህን ብላ «ገና ብቁ አልሆነም» ብላ ጻፈች። በዚህ አሠራር ወደቀ የሚባል ሰው የለም፤ ገና ነው የሚባለው። ቃሉን የመረጥነው የሠልጣኙን ልብ እንዳይሰብር ብለን ነበር። ሰውየው ግን ሲነገረው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገና ማለት እስከ መቼ ነው?»

ድጋሚ ምዘናው ከገና በኋላ፣ ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ እንዲሆን ተወሰነ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅም «እስከዚያ እጠብቅሃለሁ፤ እንግዳው ከገባ በኋላ ግን ባዶ ቦታ ይዤ አልቀመጥም» አለው። ሚስቱ በስልክ የጠየቀችውን አልሰማሁም፤ «ትንሽ ታገሺ» ሲላት ግን ሰምቻለሁ።

በመካከሉ የነቢያት ጾም ገባ። ጾሙ ሲገባ ስህተቱ ጠፋ። ሰኞም ሆነ ሐሙስ፣ ለእኔም ሆነ ለኮሌጁ ዘበኛ፣ መዳፉ አልተዘረጋም። ሠልጣኞቹ «አያ ዳኑ!» ብለው አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሳምንት መጥቶ ቢያየው ኖሮ ያለ ወረቀት ይቀጥረው ነበር እላለሁ። አሠልጣኟ ግን አልተታለለችም።

«ያዳነው ጾሙ ነው እንጂ እሱ አልዳነም» አለችኝ። «ለገና ጾሙ ሲፈታ ልማዱ ተመልሶ ይመጣል። ጋሼ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መምጣት ይችላሉ?»

እንግዲህ ሠልጣኞቹ ከሄዱ በኋላ፣ እርሱ ጾሙን ፈትቶ ጥቂት ከቀመሰ በኋላ፣ ሦስታችን በባዶው አዳራሽ መገናኘት ጀመርን። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የነበረውን ብርድ አስታውሳለሁ፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነበር የምስተናገደው። የመጀመሪያው ቀን እጁ እንደ ቀድሞው ቀመሰ። በሁለተኛው ቀን ግን ራሱን ያዘ። መዳፉን ጨብጦ ከጀርባው ደበቀና ጆጉን ብርጭቆዬ ላይ አዘነበለ። ከዚያ ቆመ። ውኃው አልወረደም። ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አልሆነልኝም» አለኝ።

«መዳፍህን እኮ ይዘሃል። ሸጋ አድርገህ ነበር።»

«እንዲሁ ሳልቀምስ ብሰጥዎት ምን ይሉኛል?»

«ምንም አልልህም።»

«በአፍዎ አይሉኝም።»

ይህን ሲል አሠልጣኟና እኔ ተያየን። እስከዚያ ድረስ ሁለታችንም እጁን ነበር የምናስተምረው። በሦስቱ ክብ ቢቆጠር ዕውቀቱ ሙሉ ነበር፤ ክህሎቱም ቢሆን ከብዙዎቹ የበለጠ ነበር። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው፤ እርሱም ጎድሎ ሳይሆን ሞልቶ ነው። እንግዳን ማክበር የሚባለውን አመለካከት ለወጣቶቹ በስንት ድካም እናስተምራለን፤ እርሱን ግን የቸገረው ከባድ አክብሮቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ማጣቱ ነው። ልማዱን ከእጁ ነጥቀን በምትኩ ምንም አልሰጠነውም ነበር።

«እስቲ ንገረኝ፣ ምን ብታደርግ ነው ልብህ የሚያርፈው?» አለችው አሠልጣኟ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። እርሱ አልተቀመጠም።

«እንግዳው ሳይጠረጥር ሲጠጣ።»

«በምን ያውቃል?»

«እኔ ስቀምስ ያያላ።»

«ሌላ የሚያየው ነገር ቢኖርስ?»

«እንደ ምን ያለ?»

ከዚህ በኋላ የተባለውን እያንዳንዳችን በየፊናችን ነው የምናስታውሰው። የታሸገ ውኃ እንግዳው ፊት ይከፈት የሚለውን ያልኩት እኔ ነኝ ትላለች አሠልጣኟ። እኔ ግን እርሷ ተነሥታ ወደ ማቀዝቀዣው ስትሄድ አስታውሳለሁ፤ ሰው ደግሞ ሐሳቡን ሳይናገር አይነሣም። ሰውየው በበኩሉ «እናንተ ስትከራከሩ እኔ ነኝ ያመጣሁት» ይላል። ማን እንደሆነ መርምሬ መጨረስ አልቻልኩም፤ አሁን አሁን እንዲያውም ለሦስታችንም መተውን እመርጣለሁ። የሆነው ሆኖ ጠርሙሱ መጣ። ሰውየው በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ አዞረው፤ ማሸጊያው እንዳልተነካ አሳየኝ፤ ዓይኔን ጠበቀ። ራሴን ነቀነቅሁ። ክዳኑን ሲጠመዝዘው ቀጭ ያለው ድምፅ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተሰማ። ቀዳ። ግራ እጁ ከጀርባው አልተንቀሳቀሰም። እኔም ጠጣሁ።

«ሰሙት?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሲከፈት። ማንም አልነካውም።»

«ሰማሁ።»

ትከሻው ወረደ። ያን ጊዜ ነው ለካ ትከሻውን ይህን ሁሉ ሳምንት ሰቅሎ እንደነበር ያየሁት።

ሁሉ መጠጥ ግን አይታሸግም። ጭማቂ በጆግ ይመጣል፤ ጠጅም እንዲሁ። እዚህ ላይ አሠልጣኟ ከሥልጠናው ሰነድ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር አነሣች። ወይን ሲቀርብ አስተናጋጁ በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ ይቀዳና እንግዳው ቀምሶ እስኪፈቅድ ይጠብቃል። ይህን ሰውየውም ተምሮታል፤ ለፈረንጆች የተሠራ ሥርዓት አድርጎ ስለያዘው ግን ከራሱ ሥራ ጋር አላገናኘውም ነበር።

«ቀማሹ እንግዳው ነው?» አለ እየተገረመ።

«አዎ። አንተ የምትቆመው ለመስማት ነው።»

«ካልጣመውስ?»

«ትመልሰዋለህ።»

«ይሄም ሸጋ ነው» አለ። «ሸክሙን ለእንግዳው ሰጡት እንጂ ነገሩ ያው ነው።»

ገና ካለፈ በኋላ ጾም ባልሆነ ቀን ልንፈትነው ወሰንን። ብቃት በአንድ እንግዳ ፊት ብቻ አይረጋገጥም ብዬ ስለጨቀጨቅሁ፣ አሠልጣኟ ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያን አንድ አረጋዊ ቄስ ለምሳ ጋበዘች። ከዚህ የበለጠ ፈተና ልናገኝለት አንችልም ነበር። ሠልጣኞቹ ሁሉ ሥራ የያዙ መስለው በየጥጉ ቆሙ። ሰውየው መስቀል ተሳለመ፤ ቄሱን አስቀመጠ፤ የብርቱካን ጭማቂ በጆግ አመጣ። የብርጭቆውን ሥር ብቻ የሚሸፍን ቀዳና ቆመ።

ቄሱ ብርጭቆውን አዩ፤ ጆጉን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም አባ። ይቅመሱትና ከወደዱት እሞላለሁ።»

«እኔ ቀማሽ ሆንኩ?»

«ዛሬ ጌታው እርስዎ ነዎት። እኔ የምጠብቀው ቃልዎን ነው።»

ቄሱ ቀመሱ፤ ጢማቸውን ጠረጉ፤ «በል ሙላው፤ ደግሞ አትሰስት» አሉት። ተረበኛው ወጣት በትሪ ፊቱን ሸፍኖ ሲስቅ አየሁት። የሰውየው ግራ እጅ ግን ፎጣውን እንደያዘ ነበር።

የምዘናው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ይህን እርግጠኛ ነኝ፤ ረቡዕ እንዳልነበረ ሁላችንም አጣርተናልና። አሠልጣኟና እኔ መግባት ስለማይፈቀድልን በግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ፀሐይ ፈልገን ተቀመጥን። መዛኟ ያቺው ሴት ናት ሲባል አሠልጣኟ ጥፍሯን መብላት ጀመረች፤ እኔ ደግሞ ያልተጠየቅሁትን ስለ ምዘና አስተማማኝነት ማውራት ጀመርኩ። ከሰውየው ቀጥሎ ተራ ይዞ በሩ ላይ የቆመው ተረበኛው ወጣት ነበር። በየደቂቃው እየመጣ ይነግረን ነበር።

«ወንበር ሳቡ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ትእዛዝ ተቀበሉ። ሴትዮዋ በጆግ ነው ያዘዘችው፤ የማንጎ ጭማቂ። ጠርሙሱን ትታ!»

አሠልጣኟ ተነሥታ ቆመች። ወጣቱ ሮጦ ተመለሰ፤ ይህኛው ጉዞው ረዘመብን። ሲመጣ ትንፋሹን ሰብስቦ ሴትዮዋንም ሰውየውንም በድምፃቸው እየመሰለ ነው የነገረን፤ ስለዚህ ከቃሉ ውስጥ የትኛው የእነርሱ፣ የትኛው የእርሱ ጨዋታ እንደሆነ ማረጋገጥ አልችልም።

ሰውየው ጥቂት ቀድቶ ቆመ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው።

«ይህ የወይን ሥርዓት ነው። ለማንጎ ምን አመጣው?»

«እመቤት፣ የማያውቀኝ መንገደኛ ፊት ነው የምቆመው ብለውኛል። መንገደኛው ሳያምነኝ ብርጭቆውን መሙላት ከበደኝ። እኔ እንዳልቀምስ ተከልክያለሁ፤ እንግዲህ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

ሴትዮዋ ቀመሰች። ቀጥሎ የንጽሕናውን ጥያቄ በተራ ጠየቀችው፤ መለሰ። ትሪውን አሸከመችው፤ አዞረ። ሁለተኛ እንግዳ ሆኖ የተቀመጠው ሌላው መዛኝ ሆን ብሎ ማንኪያ ጣለ፤ ሰውየው ሳያሳፍረው ሌላ አመጣለት። የወረቀቱን ሥራ ጨርሳ ስትነሣ «ሙላልኝ እንጂ፣ እስከ መቼ ታስጠብቀኛለህ» አለችው፤ ብርጭቆዋን ጠጥታ ጨረሰች።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ተነገረ። ብቁ።

ሠልጣኞቹ ሰውየውን ከበው ሲገፈትሩት እኔ ከአሠልጣኟ ጋር ከዳር ቆሜ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ስልኩን አወጣና መጀመሪያ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው፤ ከዚያ ከግቢው አጥር አጠገብ ሄዶ ወደ ትክል ድንጋይ ደወለ። አካባቢው ስለሚንጫጫ ድምፁን ወደ ውጭ ከፈተው፤ ስለዚህ የሚስቱን መልስ ሁላችንም ሰማነው።

«ብቁ ነህ አሉኝ!»

«ለምኑ?»

«እንግዳ ለማስተናገድ ነዋ!»

«ይሄንን ለማወቅ ነው ይሄን ያህል ጊዜ የፈጀባቸው? ያገራችን ሰው በሙሉ ያውቀው የለ!»

ሠልጣኞቹ ሲስቁ አሠልጣኟም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሰውየው ድምፁን ለመቀነስ ስልኩን ቢነካካም አልሆነለትም።

«ሥራ አስኪያጁስ ምን አለ?» አለች ሚስቱ።

«ነገ ና ብሎኛል። ልብሱንም ቀደም ብለው ለክተውልኛል።»

«እንግዲያ ዕቃውን ልሸክፍ?»

ሰውየው ወደ እኛ ዘወር ብሎ አየ፤ ማንን እንደሚያስፈቅድ አላወቅሁም። አሠልጣኟ በእጇ ቶሎ በል የሚል ምልክት ሰጠችው።

«ሸክፊ» አለ፤ «የልጆቹን ደብተር እንዳትረሺ፤ እዚህ ትምህርት ቤት ሲገቡ ይጠይቋቸዋል። ዶሮዎቹን ለእናትሽ ስጫቸው።»

«ዶሮዎቹንማ ይዤ ነው የምመጣ።»

«የት ልታኖሪያቸው?»

«አንተ እንግዳ ማስቀመጥ ታውቅ የለ!»